መቋሚያ ያልሆነው ዱላ

ደርሃም፣ እንግሊዝ አገር
ሐምሌ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት እማማ ጸሐይወርቅ መሸሻ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የባኮን መንገድ ይዞ ነቀምቴ በሰላም ይግባልኝ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? ዝናቡ በጊዜው ገባ? እኔና እናቴ በጣም ደህና ነን። እናቴ ለምረቃዬ ከለንደን መጥታ አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። ደብዳቤውን አርሚልኝ ብላት፣ «አክስቴን እኔ አሳምሬ አውቃታለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶዋን አንተው ቻለው» ብላ እምቢ አለችኝ። ልጅ ሳለሁ የጻፍኩልዎትን አርመው፣ ነጥብ ሰጥተው መልሰው ይልኩልኝ እንደነበር አልረሳሁም። ከአሥር ስድስት አልፌ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲውን ጨርሻለሁ። ደብዳቤውን የምታመጣልዎት እናቴ ሆስፒታል አብራት የምትሠራው በዛብሽ ናት፤ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ወደ ነቀምቴ እየመጣች ነው። አንድ ፎቶግራፍም ሰጥቻታለሁ። ከጓደኞቼ ጋር በመጨረሻው ቀን የተነሳነው ነው፤ መካከል ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ መሪያቸው አድርገው መርጠውኝ ነበር።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ከመስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል የምገባበት ቦታ አለ። ጎሕ ሳይቀድ የሚነሱበት፣ ብዙ የሚቆሙበት፣ መጀመሪያ ላይ ስልክ የማይያዝበት ቦታ ነው። ምን እንደሆነ እናቴ አንተው ራስህ ንገራቸው ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ድፍረት አነሰኝ። በሚቀጥለው እጽፍልዎታለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። አባባ ጋሩማ እንዲመርቁኝ ይጠይቁልኝ። አባቴ ከመሞቱ በፊት፣ «ትልቅ ነገር ስትጀምር ጭንቅላትህን ከአባቴ እጅ ሥር አድርግ» ብሎኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መጥተን ሳለ አንድ ጊዜ መርቀውኛል። እጃቸው ከባድ ነበር፤ ኑግ ኑግ ይሸት ነበር። ያለ እሱ ምርቃት መሄድ አልፈልግም።

አክባሪዎ
ሮብሳን ተረፋ ጋሩማ


ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ነሐሴ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ልጅ ያህል ለምወድህ ለሮብሳን፣

የሰማይና የምድር ጌታ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። በቁመትህ ልክ ዕድሜ፣ በዕድሜህ ልክ ጤና ይስጥህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አላጣሁም፤ ጉልበቴም የአርባ ዓመት አስተማሪ ጉልበት ስለሆነ አልፈርድበትም። ዝናቡ ጥሩ ነው። ጓሮዬ በቆሎው እሸት ሆኗል። ከኪራሙ ቤቷን ጥላ የመጣችው የእህቴ ልጅ ማሂ ከነልጆቿ አሁንም ከእኔ ጋር ናት፤ ቤቱ በልጅ ጫጫታ ሞቋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ድፍረት አነሰኝ ያልከውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ፎቶው ነግሮኛል ልጄ። አሥራ አንዳችሁም ከአንገት እስከ እግር ነጭ በነጭ ለብሳችሁ፣ ከኋላችሁ ያን የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ አንተ መካከል ተቀምጠህ መቋሚያህን በጉልበቶችህ መሐል ይዘህ ሳይህ ተንበርክኬ አለቀስኩ። መቋሚያው ትንሽ ሰፋ ብሎብኛል፤ የአገሩ ደንብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ነጮቹም ልጆች በአንተ ምክንያት ተጠምቀው ይሆናል አልኩ። ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ብዙ መቆም፣ ከዓለም መለየት ስትል ምን ቀረህ? ዲያቆን ሆነሃል፤ የምትገባበትም ገዳም ነው።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። የማርያም ማኅበራችን ሴቶች መጥተው እልል አሉ፤ ድፎ ደፋሁ፣ ጠላም አልጎደለም። እናትህ አሰፋች በስልክ አንዲት ቃል አለመተንፈሷ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ አለፍኳት።

ኪዳኑን ታውቀዋለህ። እናትህና አባትህ ሲጋቡ እኔ በእናትህ ወገን፣ ኦቦ ጋሩማ በአባትህ ወገን ሆነን እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር። እሱ የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ፣ እኔ የማርያም ልጅ። የሚወለደውን ልጅ ማናችንም ወደየራሳችን ደጅ ላንጎትት፣ አድጎ ሲመርጥም ለሁለታችን እኩል ሊነግረን ተስማማን። እኔ አልጎተትኩህም። አንተ መረጥክ። ስለዚህ ቃሌን አላጠፍኩም።

ኦቦ ጋሩማ ደህና ነው። ስለ ምርቃቱ ገና አላነሳሁበትም። የላሙን ወተት እንደምታውቀው ጾም በሌለበት ጠዋት ጠዋት እራሱ ያመጣልኛል። ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ግን አልመጣም። ላሚቱ ነጥፋ ይሆናል።

በጸሎትህ አስበኝ።
ጸሐይወርቅ መሸሻ

ደብዳቤህ ከአሥር ሰባት። «እሱ» እና «እሳቸው» ተቀላቅለውብሃል። በዚህ እኔም አንዳንዴ እሳሳታለሁ።


ሳንድኸርስት
ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ጸሐይ፣

ባሉበት ሰላም ይብዛልዎ። ማሂንና ልጆቿን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው ያጠረኝ።

ደብዳቤዎ ለንደን እናቴ ቤት ደርሶ እኔ ዘንድ እስኪመጣ ቆየ። እናቴ አንብባው ስትደነግጥ በስልክ ላስረዳቸው ብላኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔው እጽፋለሁ ብዬ ከለከልኳት። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፤ ስለዚህ በቀጥታ ልናገረው። እማማ፣ ዲያቆን አይደለሁም።

ፎቶው የክሪኬት ቡድናችን ነው። ክሪኬት የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የያዝኩት መቋሚያ ሳይሆን የመምቻው ዱላ ነው። ነጭ የምንለብሰው ልማድ ስለሆነ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሜዳ ወንዝ ዳር ነው፤ ካቴድራሉ ከበላዩ ኮረብታ ላይ ስለቆመ የትም ዞረን ብንነሳ ፎቶው ውስጥ ይገባል። እናቴ «ኳስ ይጫወታል» ስትልዎት እግር ኳስ መስሎዎት እንደነበር አሁን ገባኝ።

የገባሁበትም ገዳም አይደለም። የጦር መኮንኖች ማሰልጠኛ ነው። እዚህ የተወለድኩ ልጅ ነኝና የእንግሊዝ ጦር መኮንን ልሆን ነው። ሁሉም ሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን የራሱን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ በብብቱ ይዞ በበሩ ይገባል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ያን ስታይ ማልቀሷን ትታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ልብስ እንተኩሳለን፣ ጫማ እንወለውላለን፣ ጭቃ ውስጥ እንተኛለን፣ ተነሥተን ደግሞ እንተኩሳለን። አድካሚ ነው ግን ወድጄዋለሁ። ጓደኞቼን ወድጃቸዋለሁ።

እርስዎን እንዳስደነገጥኩ፣ ደስታዎንም እንደነጠቅኩ ይሰማኛል። ይቅር ይበሉኝ። አሁን የምፈራው ስለ አባባ ጋሩማ ነው። ወተቱ የቀረው ላሚቱ ነጥፋ ነው ብለው ያምናሉ?

ሮብሳን


ነቀምቴ
የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሮብሳን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። መዘግየቴን አትቀየም። ደብዳቤህ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ መንገዱ እስኪረጋጋ በበዛብሽ እህት ቤት ከረመ። ከደረሰኝ በኋላ የዘገየሁት ግን በእኔ በራሴ ነው። አፍሬ ነበር። ድፎ ደፍቼ፣ እልል አስብዬ፣ ለካ የደገስኩት ለኳስ ጨዋታ ኖሯል። ለማኅበራችን ሴቶች ስነግራቸው አንዷ፣ «ታዲያ ድፎው በልተነዋል፤ ምን እናድርግ?» አለችኝ። እኔም ስስቅ ዋልኩ። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ወታደር የሚለው ቃል ቀረ።

ወተቱን በተመለከተ፣ ላሚቱ አልነጠፈችም። ጎረቤቴ ኢቢሴ ያን ዕለት እልልታውን ሰምታ ኖሮ፣ «የኦቦ ጋሩማ ልጅ ልጅ ቀሰሰ» ብላ ለማኅበረ ምእመናናቸው አውርታለች። እሱም ከእኔ ሳይሆን ከሰው አፍ ሰማ። እኔ ላይ ያዘነው ለዚህ ነው። የአንድ ልጁ አንድ ልጅ ነህ፤ በጓሮ በር ወሰደችብኝ ብሎ ነው ያሰበው። መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ መምጣቱን ተወ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዘራዬን ይዤ ወደ ኦቦ ጋሩማ ዘይት መጭመቂያ ሄድኩ። እርጅና ሳይበግረው ዛሬም የኑጉን ፋጉሎ እራሱ ነው የሚዝቀው። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጋሩማ» ብዬ በቋንቋው ሰላም አልኩት። በትሕትና ወንበር አቀረበልኝ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። ነገሩን ዘረዘርኩለት። የተባባልነውን እንዳለ ልጻፍልህ።

«ጨዋታ ነው፤ ዲቁና አይደለም» አልኩት።

«ምን ዓይነት ጨዋታ?»

«አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል።»

«ቂሌ ነዋ፤ እናንተ ገና የምትሉት። ልጅ ሆኜ እኔም ተጫውቻለሁ። ቂሌ ግን ጭቃ ነው፤ ማን ነጭ ለብሶ ይጫወታል?»

«እነሱ ነጭ ይለብሳሉ። መሐል ላይ አቋርጠውም ሻይ ይጠጣሉ።»

«ማን ነው ሻይ የሚጠጣው?»

«ተጫዋቾቹ። አንዳንዱ ጨዋታ ደግሞ አምስት ቀን ይፈጃል አሉ።» ይህን ያነበበችልኝ ማሂ ናት፤ ስልኳ ላይ አግኝታ።

«በአምስት ቀን ማን ያሸንፋል?»

«አንዳንዴ ማንም አያሸንፍም።»

ኦቦ ጋሩማ እጁን በጨርቅ ጠረገና እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ ጸሐይ፣ እርስዎ እኮ አስተማሪ ነበሩ። ውሸት ቢፈጥሩ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይፈጥራሉ ብዬ ነበር።»

በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ስናገረው ውሸት ውሸት ብሎኛል። ስለ ወታደርነቱ አላነሳሁበትም። ታናሽ ወንድሙ በወጣትነቱ ለውትድርና ተወስዶ እንደወጣ ቀርቷል፤ እናቱ እስክትሞት በር በሩን ስታይ ኖራለች። እዚህስ ብትሆን ወታደር የሚባለውን እኛ የምናውቀው በመንገድ ላይ ነው። ማሂ የደንብ ልብስ ካየች ልጆቿን ሰብስባ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ የማን ወታደር እንደሆነም አትጠይቅም። እኔም ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም። አንድ ጊዜ ዲያቆን አድርጌ ሳስብህ ከርሜ አሁን ከነጠመንጃህ ላስብህ አልቻልኩም።

ለጊዜው ግን አንድ በአንድ። ያን ዱላ ላክልኝ። ኳሱንም ጭምር። ኦቦ ጋሩማ በእጁ ያልዳሰሰውን የማያምን ሰው ነው።

ጸሐይወርቅ


ሳንድኸርስት
ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእማማ ጸሐይ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት፤ ለትንሣኤው ያድርስዎ። አባባ ጋሩማ «ውሸት ቢፈጥሩ» ያሉትን ለጓደኞቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው። አንዱ፣ «ለአያትህ ክሪኬት ከእኛ ይበልጥ ገብቷቸዋል» አለ።

ዱላውንና ኳሱን በዛብሽ ይዛ ትመጣለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሦስቱን ዓመት የመታሁበት ነው፤ እጀታው በእጄ ልክ አልቋል። እንጨቱ አኻያ ነው። እንዳይሰነጠቅ ዘይት ይጠጣል፤ እዚህ የምንቀባው የተልባ ዘይት ነው። መቼም የአባባ ጋሩማ ሙያ ስለሆነ ይህን እሳቸው ይወዱት ይሆናል። ሲጫወቱበት ጠፍጣፋው ፊት ወደ ኳሱ ነው። ከመቺው ኋላ ሦስት ችካል ይቆማል፤ ችካል ከሌለ ማንኛውም ነገር ይበቃል። ወርዋሪው ችካሉን ለመምታት ይሞክራል፣ መቺው ይከላከላል። ጨዋታው በሙሉ ይኸው ነው። መከላከል ነው።

ስለ ፍርሃትዎ ብዙ አሰብኩ። የምመደበው ድልድይና መንገድ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲረጋጉ ነው እንጂ ጠመንጃ አልይዝም ለማለት አይደለም፤ እይዛለሁ። ከማሂ ልጆች ፊት በዚህ ልብስ ብቆም ይሸሹኛል ብዬ ሳስብ አዝናለሁ። እኔ ግን በክሪኬቱም በዚህም የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች ሲደክማቸው አብሬ መቆም፣ ከፊት ሆኖ መጀመሪያ መመታት። የምችለው ይህንን ነው መሰለኝ። ሌላ ልሁን ብል ራሴን እዋሻለሁ።

ስለዚህ እማማ፣ ዱላውን ካሳዩአቸው በኋላ ይህንንም ይንገሩልኝ። ደብቀን ብናስመርቅ የሚመረቀው ሌላ ልጅ ነው። አልመርቅም ካሉ እቀበላለሁ፤ ሳያውቁ ግን አይመርቁኝ። የምንመረቅበት ሰልፍ ነሐሴ 3 ነው።

የእርስዎው
ሮብሳን


ነቀምቴ
ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮብሳን፣

የአባቶችህ አምላክ ይጠብቅህ፤ የረገጥከው ይለምልምልህ። ይህን ስጽፍ በረንዳዬ ላይ ነኝ። ዝናቡ አባርቷል፣ የማሂ ልጆች ጭቃ ያቦካሉ፣ ሰማዩ ጠርቷል። ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ በተራ ልንገርህ።

በዛብሽ ዱላውን እንዳመጣች ወደ ኦቦ ጋሩማ ሰው ላክሁ። «እቃው መጥቷል፤ መጥተው ይዳስሱት» አልኩ። መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ሳሎን የሰቀልኩትን ፎቶ አንድ ጊዜ አየና ዓይኑን መለሰ። ዱላውን ሰጠሁት። አገላበጠው፤ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፤ አሸተተው። «ኩን ኡሌ ሚቲ» አለ፣ ይህ ዱላ አይደለም ማለቱ ነው። «ለልብስ ማጠቢያ ግን ጥሩ ነው።»

«ይሞክሩት» አልኩት።

ግቢው ውስጥ ቢጫውን ጀሪካን በስተኋላው አቆምን፤ ችካል መሆኑ ነው። የአርባ ዓመት የጠመኔ ክንዴን አምኜ ኳሱን ወረወርኩ። የመጀመሪያው እግሬ ሥር ወደቀ። ሁለተኛው ማሂን ሊመታት ነበር። ኦቦ ጋሩማ፣ «እትዬ ጸሐይ፣ እዚህ ነኝ» አለኝ። ተናደድኩና ሦስተኛውን በደንብ ሰደድኩለት። ሰውዬው ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ወገቡን ዞር አድርጎ እንዴት እንደመታው ብታይ። ኳሱ አጥሩን ዘሎ የኢቢሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አረፈ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ኢቢሴ እየጮኸች ወጣች። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ የማኅበረ ምእመናንዋን ሽማግሌ ዱላ ይዞ፣ እኔን እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አየችን። «ኦቦ ጋሩማ፣ ምንድን ነው?» አለች።

«የልጅ ልጄ ጨዋታ ነው» አላት። «ዲያቆን አይደለም። ይህንን ነው የሚጫወተው። ኳሱን አምጪልን።»

ያንን ወሬ ወደ ጉባኤው የወሰደችው እሷ ናትና እንድትመልሰውም እሷው ተላከች። ሳይመሽ መልሳዋለች፤ በዚህስ አትታማም።

ከዚያ እኔ ብወረውር እሱ ቢመታ፣ እሱ ቢወረውር እኔ ብመታ፣ ጀሪካኑ ሁለት ቦታ ተቀደደ። ተቀምጠን ውሃ ስንጠጣ፣ «ለካ ሻይ የሚጠጡት ወደው አይደለም» አለኝ። እጄን ያዘ። «በድዬዎታለሁ፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። እኔም ሳይነግረው መደገሴን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እዚህ ላይ ባቆመው በወደድኩ ነበር። ግን ቃልህ ትዝ አለኝ። ሳያውቁ አይመርቁኝ ብለሃል። ስለ ውትድርናው ነገርኩት፤ ደብዳቤህንም ከነድልድዩ ከነጠመንጃው አነበብኩለት።

ተነሣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ዱላውን በብብቱ ያዘና ሄደ። የሰበረው ወይም የሚያነደው መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን በሙሉ አልመጣም። ያን ሳምንት ከምግብ ይልቅ የራበኝ ወሬ ነበር።

ትናንት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ጋሩማ በአንድ እጁ የወተት ቅል፣ በሌላው ዱላህን ይዞ ቆሟል። የሐዋርያት ጾም ላይ ነን፤ ያን ሁሉ ዘመን አንድም ጾሜን ስቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ጾም ነው እኮ» ስለው፣ «ለልጆቹ ነው» አለኝ። ለማሂ ልጆች ሰጠሁ፤ ነጭ ጢም እስኪያበቅሉ ጠጡ።

ዱላውን አየሁት። ጀርባውና እጀታው ኑግ ጠጥቶ ጠቁሯል። የተልባ ዘይት ቢኖርም ልጄ የሚያውቀው ሽታ ይህ ነው አለኝ። ጠፍጣፋውን ፊት ግን ሳይቀባ ትቶ መዳፉን ዘይት ውስጥ ነክሮ አትሞበታል፤ አምስቱም ጣቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«እትዬ ጸሐይ፣ እንዲህ ብለው ይጻፉለት» አለኝ። አንዲት ቃል ሳልጨምር እጽፍልሃለሁ። «ወታደርነቱን አልመርቅም። ወንድሜን ያጣሁበት ነገር ነው፣ አፌ እሺ አይለኝም። እሱን ግን እመርቃለሁ። ደብቆ ማስመረቅ ይችል ነበር፤ አልደበቀኝም። ጭንቅላቱ ሩቅ ነው፣ እጄ አይደርስም። እጄን ልኬለታለሁ። ሰው ከሥሩ አቁሞ ሲያዝ ከእሱም ራስ በላይ እጅ እንዳለ ያስታውስ። ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ።» ቀጥሎ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ እኔም ሰማዩን ሳይ ቆየሁ።

በዛብሽ ዱላውን ይዛልህ ትመጣለች። ትንሽ ጠርሙስ ኑግ አብሮ አለ፤ እጁ ሲደርቅ በላዩ እየቀባህ አኑረው ብሏል። ፎቶህን ከሳሎን አላወረድኩም። ከሥሩ ግን «ክሪኬት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ነሐሴ 3 ፍልሰታ ነው፤ ከድግሱ የፍስክ እንዳትበላ አልልህም፤ ምርጫው የአንተ ነው። ቃል ገብቻለሁና።

ጸሐይወርቅ መሸሻ


ሳንድኸርስት
ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእማማ ጸሐይና ለአባባ ጋሩማ፣ ለሁለታችሁም እኩል፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ይህን ደብዳቤ እማማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው በረንዳው ላይ ያንብቡት። ኢቢሴም በአጥሩ ብትሰማ አልጠላም።

ዱላው በሰልፉ ሳምንት ደረሰ። ከጥቅሉ ሳወጣው ክፍሉ በሙሉ ኑግ ኑግ ሸተተ፤ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ተመለስኩ። የአባባን ጣቶች አንድ በአንድ በጣቴ ለካሁ። የእኔ እጅ ገና ከሳቸው ያንሳል። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

በሰልፉ ቀን ጠዋት ልብሴን ከለበስኩ በኋላ ደረቅ እንዳይሆን እንደተባልኩት ጠርሙሱን ከፍቼ መዳፉ ላይ ቀባሁበት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ተንበረከክሁ፣ ዱላውን ገልብጬ የአባባን እጅ አናቴ ላይ አሳረፍኩት። ከብዶ ነበር። አባቴ ያዘዘኝ ይህንን ነበር። በዚህ መሐል ከጎኔ ክፍል ያለው ሰልጣኝ ሳያንኳኳ በሩን ከፈተ። ዱላ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ የተንበረከከ ሰው አየ። ምን እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ተንበረከከ። አባባ፣ ሳላስፈቅድዎት ለእሱም አሳረፍኩለት።

ሰልፉ በጣም ያምር ነበር። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ነጭ የለበሰችው እሷ ብቻ ስለሆነች ከሩቅ አየኋት። በመጨረሻ አንድ መኮንን በነጭ ፈረስ ሆኖ የድንጋዩን ደረጃ እየወጣ በበሩ ወደ ሕንፃው ይገባል። እናቴ፣ «ጊዮርጊስ ራሱ» አለች አሉ። የጾም ምግብ አገኙላት፤ እኔም ከእሷ ጋር እሱኑ በላሁ። ይህ ምርጫ አይደለም፤ እናቴ ብቻዋን እንዳትበላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ወደ ሜዳው ከመውጣታችን በፊት ዓመቱን ሙሉ ሲጮኽብን የኖረው አሰልጣኛችን ለመጨረሻ ጊዜ አንድ በአንድ ፈተሸን። ክርና ቁልፍ የሚያየው በሩቁ ነው፤ ምንም አያመልጠውም። እኔ ፊት ሲደርስ ቆመ። አየሩን አሸተተ። ከኮፍያዬ ሥር ግንባሬ ላይ የወረደች ቀጭን የዘይት መስመር ነበረች። ሌላ ቀን ቢሆን ሰማይ ምድሩን ያናውጥብኝ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአያቴ እጅ ነው» አልኩት።

ጥቂት አየኝ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ልጃችሁ
ሮብሳን ተረፋ ጋሩማ